ጨቅላ ልጅ ማደንዘዣ ሲወስድ፦ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ከንግግሩ በታች ይቀንሳል)

የጤና ትምህርት ዝግጅታችን ዛሬ ብዙ ወላጆችን እንቅልፍ የሚነሳ አንድ ጉዳይ ይዟል።

የጥቂት ወር ልጁ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው የተነገረው ወላጅ ብዙ ጊዜ ከቢላዋው ይልቅ የሚፈራው ማደንዘዣውን ነው። «ይነቃልኝ ይሆን?» ይላል። «ቢነቃስ አእምሮው እንደነበረ ይሆናል? ሲያድግ ትምህርት አይከብደውም?» ከዚህ ስጋት የተነሳ «ትንሽ ጠንከር ይበልና ይደረግለት» እያሉ ቀጠሮ የሚያራዝሙ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳይንቲስቶችም ይህንኑ ጠይቀው ለዓመታት ደክመውበታል። ያገኙትን መልስ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ አጭርና አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ማደንዘዣ የሕፃንን የአእምሮ እድገት እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ በታላላቆቹ ጥናቶች አልተገኘም። የሕፃኑን አንጎል በዋነኛነት የሚጠብቀው ማደንዘዣውን የሚሰጠው ባለሙያ ልምድና በቀዶ ሕክምናው ሰዓት የሚደረገው ክትትል ነው። ወደዚህ እንዴት እንደተደረሰ በቅደም ተከተል እንየው። በዝግጅቱ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ስጋቱ ከየት መጣ? በ1999 እና በ2003 ከአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ከወጡ ጥናቶች ነው። በ2003 ዶክተር ቬስና ዬቭቶቪች ቶዶሮቪችና ባልደረቦቻቸው የ7 ቀን ዕድሜ ላላቸው የአይጥ ግልገሎች ለ6 ሰዓት ያህል የተለመዱ የማደንዘዣ መድኃኒቶችን ሰጡ። ከዚያ በኋላ የግልገሎቹ አንጎል ሲታይ በርካታ የነርቭ ሴሎች ሞተው ተገኙ። ግልገሎቹ ሲያድጉም መንገድ ለመማርና ለማስታወስ ከሌሎቹ ይልቅ ተቸገሩ። ተመሳሳይ ጉዳት ቆየት ብሎ በዝንጀሮ ግልገሎችም ላይ ታየ።

ወሬው ባለሙያውን ሁሉ አስደነገጠ፤ መደንገጡም ትክክል ነበር። ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነርቭ ሴሎቹ እርስ በርስ የሚያያዙት እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ነው። ሴሎቹ በሕይወት ለመቆየት ከጎረቤቶቻቸው ጋር መነጋገር አለባቸው፤ የማደንዘዣ መድኃኒቶች ደግሞ የሚሠሩት ይህንኑ ንግግር ለጊዜው ዝም በማሰኘት ነው። ዝምታው ሲረዝም አንዳንዶቹ ሴሎች ራሳቸውን ያጠፋሉ የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነው።

በታኅሣሥ 2016 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከ3 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ፣ እንዲሁም በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ባሉ እናቶች ላይ፣ ከ3 ሰዓት በላይ የሚቆይ ወይም የሚደጋገም ማደንዘዣ የልጁን የአንጎል እድገት ሊነካ ይችላል የሚል ነው። ማስጠንቀቂያው ከጠቀሳቸው መድኃኒቶች መካከል በአገራችን ሆስፒታሎች የሚታወቁት ኬታሚንና ሃሎቴን ይገኛሉ። ሆኖም ያው ማስጠንቀቂያ አጭርና አንድ ጊዜ የሚሰጥ ማደንዘዣ በልጅ ባሕርይና ትምህርት ላይ ጉዳት ያመጣል ተብሎ እንደማይጠበቅም ይገልጻል። ወደ ብዙው ሰው ጆሮ የደረሰው ግን የፊተኛው ክፍል ብቻ ነው።

የአይጥ ግልገል ደግሞ የሰው ልጅ አይደለም። 6 ሰዓት ለአይጥ ግልገል ከእድገት ዘመኑ ላይ ትልቅ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ መገኘት የነበረበት ከራሳቸው ከልጆች ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ጥናቶቹ ከመሄዳችን በፊት አማራጮቹን እንወቅ።

አንደኛው ሙሉ ሰመመን ነው። ሕፃኑ በጭንብል ሴቮፍሉሬንን የመሰለ ጋዝ ይስባል ወይም በደም ሥሩ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ጨርሶ ይተኛል። ብዙ ጊዜ መተንፈሻ ቱቦ ይገባለትና ትንፋሹን ባለሙያው ይቆጣጠርለታል።

ሁለተኛው ብዙ እናቶች በምጥ ኦፕሬሽን ጊዜ የሚያውቁት የወገብ መርፌ ነው። ለጥቂት ወር ሕፃንም ይሰጣል ሲባል ብዙ ሰው ይገረማል። አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው።

ሕፃኑ በጎኑ ይጋደማል ወይም ይቀመጣል። አንድ ረዳት ትከሻውንና ዳሌውን አቅፎ አጥብቆ ይይዘዋል። አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቆ ትንፋሹ እንዳይታፈን አንገቱ ቀና ይደረጋል። ባለሙያው ቀጭኗን መርፌ የሚያስገባው ከአዋቂ ሰው ዝቅ ባለ ቦታ ነው። ምክንያቱም የአራስ ልጅ ህብለ ሰረሰር እስከ ሦስተኛው የወገብ አጥንት ይወርዳል፤ ወደ አዋቂው ከፍታ የሚደርሰው አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ከመርፌዋ ጥርት ያለ ፈሳሽ ጠብ ሲል ቦታው መገኘቱ ይታወቃል፤ መድኃኒቱ በጣም በትንሽ መጠን ብቻ ይሰጣል። ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይራገጡ የነበሩት እግሮች ይዝላሉ። ስኳር ውሃ የነካ ማጥቢያ አፉ ላይ ሲደረግለት ይጠባል፤ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ምንም የእንቅልፍ መድኃኒት እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ይህ መንገድ ጥቅሙም ወሰኑም አለው። ጥቅሙ ሕፃኑ በራሱ ትንፋሽ መቆየቱ፣ የደም ግፊቱም ብዙ አለመውረዱ ነው። ወሰኑ ጊዜው ነው። በሕፃናት ዘንድ የወገብ መርፌ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ይቆያል። ከእምብርት በታች ላለ አጭር ቀዶ ሕክምና ይበቃል፤ ለደረት፣ ለጭንቅላት ወይም ለረጅም የሆድ ቀዶ ሕክምና አይሆንም።

ሦስተኛው ከመቀመጫ ከፍ ብሎ ባለው አጥንት በኩል የሚሰጥ መርፌ ነው። ብዙ ጊዜ ከሰመመን ጋር ተዳምሮ ይሰጣል፤ የሰመመኑን መጠን ይቀንሳል፣ ልጁ ሲነቃም ሕመም እንዳይሰማው ይረዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዋናው ጥናት እንምጣ። ጋስ ይባላል። በአውስትራሊያ የሜልበርን ሐኪም በሆኑት በፕሮፌሰር አንድሩ ዴቪድሰንና በአሜሪካ የቦስተን ሐኪም በሆኑት በዶክተር ሜሪ ኤለን ማካን የተመራ ነው። ከ2007 እስከ 2013 በ7 አገሮች በሚገኙ 28 ሆስፒታሎች 722 ሕፃናትን አሳተፈ። ሁሉም የብሽሽት ቡአ፣ ማለትም ሄርኒያ፣ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው የጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ልጆች ነበሩ። ማን ሙሉ ሰመመን፣ ማን የወገብ መርፌ እንደሚደርሰው የተወሰነው በዕጣ ነው። ዕጣው አስፈላጊ ነበር፤ አለበለዚያ ደከም ያሉት ሕፃናት ወደ አንዱ ወገን፣ ጠንካሮቹ ወደ ሌላው ይሰበሰቡና ውጤቱ ይዛባል።

ልጆቹ 2 ዓመት ሲሞላቸው፣ ከዚያም 5 ዓመት ሲሞላቸው ተፈተኑ። ፈታኞቹ የትኛው ልጅ በየትኛው መንገድ እንደደነዘዘ አያውቁም ነበር። በ5 ዓመታቸው አጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ሲለካ የወገብ መርፌ የተሰጣቸው ልጆች አማካይ 99.08፣ ሙሉ ሰመመን የወሰዱት ደግሞ 98.97 ሆነ። ልዩነቱ አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም። ውጤቱ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2016 እና በ2019 ታትሟል።

ለትክክለኛነት ሲባል የጥናቱን ወሰን ልንገራችሁ። የሰመመኑ መካከለኛ ርዝመት 54 ደቂቃ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሰጠው፤ ቡአ በወንዶች ላይ ስለሚበዛም አብዛኞቹ ልጆች ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ጥናቱ የሚናገረው ስለ አጭርና አንድ ጊዜ ስለሚሰጥ ማደንዘዣ ነው።

በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ሊና ሰንና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። 105 ጥንድ እህትማማቾችንና ወንድማማቾችን ወሰዱ። ከጥንዱ አንዱ 3 ዓመት ሳይሞላው ለቡአ ቀዶ ሕክምና ሰመመን የወሰደ፣ ሌላው ግን ያልወሰደ ነው። በአንድ ቤት፣ ከአንድ ገበታ፣ በአንድ ወላጅ ያደጉ በመሆናቸው የኑሮ ልዩነት ውጤቱን አያዛባውም። በ2016 የታተመው ውጤት በሁለቱም ወገን የማሰብ ችሎታ አማካዩ 111 እንደነበር አሳየ።

ማደንዘዣው ሲደጋገምስ? የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ 997 ልጆችን አጥንቶ ውጤቱን በ2018 አሳትሟል። አንድ ጊዜ የወሰዱትም ሆኑ ከአንድ ጊዜ በላይ የወሰዱት በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ከሌሎቹ ልጆች ጎልተው አልተለዩም። ነገር ግን ከአንድ ጊዜ በላይ በወሰዱት ዘንድ ነገሮችን በፍጥነት በመረዳትና በጣት ቅልጥፍና መጠነኛ ቅናሽ ታይቷል። ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ልጅ ቀድሞውኑ ሕመም የበረታበትና ሆስፒታል የሚመላለስ በመሆኑ፣ ቅናሹ ከመድኃኒቱ ይምጣ ከሕመሙ መለየት አስቸጋሪ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ወላጆች ንግግሩን፣ ጨዋታውንና ትምህርቱን በቅርብ ይከታተሉ፤ የዘገየ ነገር ካዩ ሳይውል ሳያድር ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩ።

(አጭር ሙዚቃ)

አንዳንድ ወላጅ «እንግዲያው ማደንዘዣው ቢቀርስ?» ይል ይሆናል። ይህ ተሞክሮ ያለፈ ነገር ነው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ በታላላቅ የዓለም ሆስፒታሎች ሳይቀር «አራስ ልጅ ሕመም በደንብ አይሰማውም» እየተባለ ሕፃናት በቂ የሕመም ማስታገሻ ሳያገኙ በቀዶ ሕክምና ያልፉ ነበር። በ1987 ዶክተር ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ አገር፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሕፃናት አጠኑ። ፌንታኒል የተባለው ጠንካራ ማስታገሻ ያልተጨመረላቸው ሕፃናት በደማቸው ውስጥ የጭንቀት ንጥረ ነገሮች እጅግ ከፍ ብለው ተገኙ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የደረሰባቸው ችግርም በዛ። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተለወጠ።

ለእኛ የቀረበ ሌላም ማስረጃ አለ። በ1997 ከካናዳ የታተመ ጥናት ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ወንድ ሕፃናት ከ4 እስከ 6 ወር ሲሆናቸው ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት የበለጠ የሕመም ምልክት እንደሚያሳዩ ገልጿል። የማደንዘዣ ቅባት የተደረገላቸው ግን ምላሻቸው ቀለል ያለ ነበር። ሕፃኑ በቃል ባያስታውሰውም ሰውነቱ ሕመሙን ይይዘዋል ማለት ነው። በአገራችን የወንድ ልጅ ግርዛት በስምንተኛው ቀን በሚፈጸምባቸው ቤቶች ሁሉ ልጁን ሐኪም ዘንድ ወስዶ በማደንዘዣ ማስገረዝ ይገባል።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ የሕፃኑን አንጎል በእውነት የሚያሰጋው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት የኦክስጅን እጥረት ነው። ሕፃን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከአዋቂ ሰው እጥፍ ያህል ኦክስጅን ይፈጃል፤ በሳንባው የሚያስቀምጠው ስንቅ ግን ትንሽ ነው። ትንፋሹ ከተቋረጠ የደሙ ኦክስጅን በአጭር ጊዜ ያሽቆለቁላል። የደም ግፊት መውረድ፣ የስኳር ማነስና ብርድም ይጎዱታል። ቀዶ ሕክምና ክፍሉ የሚሞቀው፣ ጣቱ ወይም እግሩ ላይ የኦክስጅን መለኪያ የሚታሠረው፣ የልብ ምቱ ሳይቋረጥ የሚደመጠው ለዚህ ነው።

በአውሮፓ 33 አገሮች በሚገኙ 261 ሆስፒታሎች ከ30 ሺህ በላይ ልጆችን የተከታተለው አፕሪኮት የተባለ ጥናት በ2017 ይህንን በቁጥር አሳይቷል። ከማደንዘዣዎቹ በ5.2 በመቶው ላይ ከባድ ድንገተኛ ችግር አጋጥሟል፤ አብዛኛውም የመተንፈሻና የደም ዝውውር ችግር ነው። ልጁ ባነሰ ቁጥር ችግሩ ይጨምራል፤ የባለሙያው ልምድ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። በአገራችን አብዛኛውን ማደንዘዣ የሚሰጡት በዚሁ ሙያ ሠልጥነው የተመረቁ ባለሙያዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናትን ዘወትር የሚያደነዝዙት ልዩ ልምድ አላቸው። ስለዚህ ለጥቂት ወር ልጅ፣ ሁኔታው አስቸኳይ እስካልሆነ ድረስ፣ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና በብዛት ወደሚደረግበት ሆስፒታል መላክ ርቀቱ የሚያስቆጭ አይደለም።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሰዓታት ትንፋሻቸው ድንገት ሊቆም ይችላል። በጋስ ጥናት ትንፋሻቸው ቆሞ የነበረው ሕፃናት ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ናቸው። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰመመን ከወሰዱት 3 በመቶው፣ የወገብ መርፌ ከተሰጣቸው 1 በመቶው ላይ ደርሷል። የወገብ መርፌ ትክክለኛ ብልጫ የታየው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች በየትኛውም መንገድ ቢደነዝዙ ሌሊቱን በሆስፒታል እየታዩ ማደር ይኖርባቸዋል። «ደህና ነው፣ ጠብቷል» ብሎ በዚያው ቀን ወደ ቤት መቸኮል አይገባም።

ቀጠሮ ማራዘሙስ? በጊዜው ተወልዶ የብሽሽት ቡአ ያለበት ሕፃን መዘግየት የለበትም። አንጀቱ በቀዳዳው ታንቆ ሊቀር ይችላልና ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። እብጠቱ ከጠጠረ፣ አልመለስ ካለ፣ ልጁ ካስመለሰውና ለቅሶው አልበርድ ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱት ግን ሐኪሙ ራሱ ጥቂት እንዲቆይ ሊመክር ይችላል። በ2024 ከአሜሪካ የታተመ ጥናት ቀዶ ሕክምናው ቀደም ብሎ ከተደረገላቸው 28 በመቶው፣ ከቆየላቸው ደግሞ 18 በመቶው ከባድ ችግር እንደገጠማቸው አሳይቷል። ጊዜውን የሚወስነው ልጁን ያየው ሐኪም እንጂ የጎረቤት ምክር መሆን የለበትም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን በእጃችሁ ወዳለው ነገር እንምጣ። የማደንዘዣ ባለሙያውን ከቀዶ ሕክምናው በፊት አግኙትና እነዚህን ጠይቁት። በልጄ ዕድሜ ላሉ ሕፃናት ዘወትር ማደንዘዣ ትሰጣላችሁ? ለዚህ ቀዶ ሕክምና የወገብ መርፌ ይሆናል ወይ? ባይሆን ለምን? ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ልጄ ሌላም የታቀደለት ሕክምና ካለ በአንድ ማደንዘዣ ሁለቱን መጨረስ ይቻላል? ሲነቃ ሕመሙ በምን ይታገሥለታል? የኦክስጅን መለኪያው እስኪነቃ ድረስ ከላዩ አይወርድም? ሌሊቱን ያድራል? ሐኪም መጠየቅ ድፍረት የሚመስላችሁ ካላችሁ ተዉት፤ ጥሩ ባለሙያ ጠያቂ ወላጅን ይወዳል።

የወገብ መርፌን ስትመርጡ አንድ ነገር ያዙ። በጋስ ጥናት በሙያው በተካኑ ሆስፒታሎች እንኳ ከአምስት ሕፃናት በአንዱ ገደማ መርፌው ብቻውን አልበቃም፤ ሰመመን ወይም ማስተኛ ተጨምሯል። ይህ ቢሆን ልጃችሁ ተጎዳ ማለት አይደለም፤ በአእምሮ እድገት ረገድ የሁለቱም መንገዶች ውጤት እኩል መሆኑን ሰምታችኋል።

እናንተም ለባለሙያው የምትነግሩት አለ። ልጁ ስንት ወር ላይ ተወለደ? ባለፉት ሁለት ሳምንታት ጉንፋን ወይም ሳል ነበረው? ከቤተሰቡ በማደንዘዣ የታመመ ወይም የሞተ ሰው አለ? የባህል መድኃኒት ወስዷል? አንዱንም አትደብቁ።

ስለ ምግብ። በተለመደው መመሪያ ጡት ከማደንዘዣው 4 ሰዓት በፊት፣ የዱቄት ወይም የላም ወተት 6 ሰዓት በፊት ይቆማል። ውሃ ግን እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል፤ የሆስፒታላችሁን ትእዛዝ አስቀድሙ። ጡት የሚጠባን ልጅ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ባዶ ሆዱን ማሳደር አያስፈልግም፤ ስኳሩን ያወርድበታል። ቀጠሮው ከዘገየ «ልጄ ከጠባ ቆየ» በሉ። ደግሞም እናት አንጀቷ አልችል ብሎ በመካከሉ አጥብታው ከሆነ ትናገር። ማንም አይቆጣትም፤ ሰዓቱ ይገፋል እንጂ። ካልተናገረች ግን ወተቱ በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ቁስሉ ካበጠ ወዲያው ተመለሱ። የታዘዘለትን ማስታገሻ በሰዓቱ ስጡት፤ በዚያ ላይ እቅፍና ጡት ይጨመርበት።

አድማጮቻችን፣ ይህንን ዝግጅት ስትጨርሱ አንድ ነገር ይዛችሁ እንድትቀሩ እንለምናለን። ሐኪም አስፈላጊ ነው ያለውን ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣን ፈርታችሁ አታራዝሙ። ፍርሃታችሁን ወደ ጥያቄ ለውጡትና ለባለሙያው አቅርቡለት። በቅርባችሁ ልጃቸው ቀጠሮ የተያዘለት ወላጆች ካሉም ዛሬ የሰማችሁትን አካፍሏቸው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)